ፎም ሮለር ወይስ የሰው እጅ? ከአንዲት ሯጭ ጉልበት የተማርነው

መነሻ

"ፎም ሮለር ይሻላል ወይስ ማሳጅ?" የሚል ጥያቄ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይመጣብኛል። ፎም ሮለር ማለት ጡንቻን ለማሸት ላዩ ላይ የሚንከባለሉበት የስፖንጅ በርሜል ነው። እኔ የማሳጅ ባለሙያ ነኝ። መልሴ ወዴት እንደሚያደላ መገመት አያስቸግርም። ይህን ጉዳይ ለመጻፍ የተነሳሁትም ለዚህ ነው። ከአንዲት ደንበኛዬ ጋር አራት ወር ያህል ሁለቱንም እየሞከርን፣ እየመዘገብን፣ መሃል ላይም እየተሳሳትን ሄድን። የደረስንበት ነገር እኔ ከጠበቅኩትም እሷ ከጠበቀችውም የተለየ ሆነ። እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች። ስሟንና ማንነቷን የሚጠቁመውን ሁሉ ትቼዋለሁ።

ከዚያ በፊት የነበረው ሁኔታ

ዕድሜዋ 39 ነው። ሥራዋ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ያስቀምጣታል። ሩጫ ከጀመረች አራት ዓመቷ ነበር፤ በሳምንት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሮጠች ምንም ሳይነካት ቆይታለች። ከዚያ ለግማሽ ማራቶን ተመዘገበችና በሦስት ሳምንት ውስጥ የሳምንቱን ርቀት 40 አስገባችው። ቀኝ ጉልበቷ ከውጪ በኩል ማመም የጀመረው ያኔ ነው። አራተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ይጀምራታል፣ ቁልቁለት ላይ ይብሳል፣ ደረጃ ስትወርድ ይወጋታል፣ ስትቆም ይተዋታል። ሁለቱም ባቶቿ ደግሞ "ድንጋይ ሆነዋል" ትላለች።

ቪዲዮ አይታ ሮለር ገዛች። ጠንካራውን፣ ጥርስ ጥርስ ያለውን ዓይነት። በየማታው 30 ደቂቃ በጭኗ ውጪኛ ጎን ተኝታ ጥርሷን ነክሳ ትንከባለልበታለች፤ ካላመመ አይሠራም ብለዋታል። መጀመሪያ ቀን ስትመጣ ልብሷን ሰብሰብ አድርጋ አሳየችኝ። ከዳሌዋ ሥር እስከ ጉልበቷ ድረስ በልዟል። ሰማያዊ ነው፣ ዳር ዳሩ ወደ ቢጫ ሄዷል፣ በየመሃሉ እኩል እኩል ክፍተት አለው። የሮለሩ ጥርሶች ልክ ነበር። ጣቴን በቀስታ ሳሳርፍበት እግሯን ሰበሰበች።

"እህቴ፣ ጨክነሽ እሺልኝ" አለችኝ። "እኔ ሕመም እችላለሁ።"

ሌላም ነገር ነበረባት። ያን ቀን አልነገረችኝም፣ እኔም ጠለቅ ብዬ አልጠየቅኳትም። ስለ እንቅልፏ ስጠይቃት "እንደነገሩ ነው" ብላ አለፈችው፤ እኔም ቅጹ ላይ "እንደነገሩ" ብዬ ጻፍኩና አለፍኩ።

ችግሩ ምን ነበር

ከመንካቴ በፊት የተለመዱትን ጥያቄዎች ጠየቅኳት። ባትሽ አብጦ ያውቃል? አንደኛው ከሌላው ይሞቃል ወይም ይቀላል? ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ትወስጃለሽ? ወድቀሽ ነበር? ይህን ለወግ ያህል አይደለም የምጠይቀው። አንድ ባት ብቻውን ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመ በደም ሥሩ ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ እግር ሮለርም እጅም ሊነካው አይገባም፤ ቀጥታ ወደ ሐኪም ነው የሚኬደው። እሷ ላይ ከእነዚህ አንዱም አልነበረም።

ጉልበቷን አብሮኝ የሚሠራ ፊዚዮቴራፒስት አየላት። የሯጮች የተለመደ ችግር ነው አለ፤ አይቲ ባንድ የሚባለው፣ በጭን ውጪኛ ጎን ከዳሌ እስከ ጉልበት በታች የሚወርደው ወፍራም ማሰሪያ ነው የተቆጣው። ብዙ ሰው ይህ ማሰሪያ አጥሯል፣ ተጣብቋል ብሎ በሮለር ሊያረዝመው ይታገላል። አይረዝምም። በፈረንጆቹ 2008 (ቀጥሎ ያሉት ዓመታትም በፈረንጆቹ ናቸው) የወጣ አንድ የስሌት ጥናት ይህን የጭን ሽፋን በ1 በመቶ ለመለወጥ እንኳ የሚያስፈልገው ኃይል ከሰው አቅም በላይ እንደሆነ አሳይቷል። ለኔም ይህ ከባድ ዜና ነበር፤ ለዓመታት "እያላቀቅኩልሽ ነው" እያልኩ ስሠራ ኖሬያለሁና። ደግሞም ጉልበት አጠገብ ከማሰሪያው ሥር ነርቭ የበዛበት ስስ የስብ ሽፋን አለ፣ ሕመሙም ከዚያ እንደሚመጣ ይታሰባል። እሷ በየማታው በሙሉ ክብደቷ የምትጫነው እዚያው ላይ ነበር። የተቆጣ ቦታን በየቀኑ ትጎነትለው ነበር ማለት ነው።

የወሰድናቸው እርምጃዎች

መጀመሪያ መለኪያ አበጀን። አንድ ደብተር ገዛችና በየቀኑ አራት ነገር መጻፍ ጀመረች፦ ሕመሙ ከ10 ስንት ነው፣ ስንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ጀመረ፣ ለስንት ሰዓት ተኛች፣ ቀኑን ምን ተሰምቷት ዋለች። ቁርጭምጭሚቷን ደግሞ በግድግዳ ለካን፤ ተረከዝ ሳይነሳ ጉልበት ግድግዳ ሲነካ የእግሯ አውራ ጣት ከግድግዳው ምን ያህል ይርቃል የሚለውን ማለት ነው። ቀኙ 7 ሳንቲ ሜትር፣ ግራው 9 ነበር።

ከዚያ ሮለሩን ከጭኗ ውጪኛ ጎን ሙሉ በሙሉ አስቆምናት። በጣም ከብዷት ነበር። አንድ ነገር እያደረገች እንደሆነ የሚሰማት በዚያ ነበርና። በሁለት ሳምንት ውስጥ ብልዙ ጠፋ፣ ደረጃ ስትወርድ የሚወጋት ሕመም ከ6 ወደ 4 ወረደ። እዚያ ቦታ ላይ ሌላ ነገር ሳንጨምር፣ በመተው።

በእነዚያው ሳምንታት በሳምንት ሁለቴ ለ45 ደቂቃ አሸኋት። ባቷን፣ የጭኗን ፊትና ኋላ፣ ዳሌዋን፣ ጀርባዋን። ሁሌም ያው ነው፦ ከአልጋው ስትነሳ ቀሏት ትሄዳለች፣ አንድ ሁለት ቀን ትቆያለች፣ ሦስተኛው ቀን ላይ ደብተሯ ወደ ነበረበት ይመለሳል። አንድ ቀን ለልመናዋ እጅ ሰጥቼ ጠበቅ አድርጌ አሸኋት። ለሁለት ቀን ባቷ ሲነካ አመማት፣ ሩጫዋንም አበላሸባት። ያ ጥፋት የኔ ነው፤ ስታስቸግረኝ እምቢ ማለት ነበረብኝ።

ግራና ቀኝ የተደረገው ሙከራ

ሦስተኛው ሳምንት ላይ "ታዲያ የቱ ነው የሚሠራው?" ብላ ጠየቀችኝ። ጥሩ የሚመስል ሐሳብ አመጣሁ። ግራ ባትሽን አንቺ በሮለር፣ ቀኝ ባትሽን እኔ በእጄ፤ ለሦስት ሳምንት እንየው። ሮለሩንም ለስላሳ በሆነ ለወጥነው። አሠራሩ ቀላል ነበር፦ ሁለት ጊዜ አንድ አንድ ደቂቃ፣ በዝግታ፣ ሕመሙ ከ10 ከ5 ሳያልፍ፣ አጥንትና መገጣጠሚያ ላይ ሳይወጣ።

ሁለቱም ባቶች ተፍታቱ። ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ስንለካ ቀኙም ግራውም አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ይጨምራሉ፣ ቆየት ብለን ስንለካ ጭማሪው ቀንሶ እናገኘዋለን። በመሃላቸው የሚወራ ልዩነት አጣንበት። እውነቱን ለመናገር ከፋኝ። ለስንት ዓመት የተማርኩት እጅ ከአንድ የስፖንጅ በርሜል ጋር እኩል ወጣ።

በኋላ ፊዚዮቴራፒስቱ ነገሩን ሲያስረዳኝ ነው ሙከራው ከመነሻው የተበላሸ መሆኑ የገባኝ። በ2015 የወጣ ጥናት አንድ ባት በሮለር ሲታሽ ያልተነካው የሌላው እግር ባትም ሕመም የመቻል አቅሙ እንደሚጨምር አሳይቷል። ይህ ማለት ዋናው ሥራ የሚሠራው በነርቭና በአንጎል በኩል ሳይሆን አይቀርም። ጡንቻው በአንድ ማሸት ርዝመቱ አይለወጥም፤ ጥበቃው ይላላል እንጂ። የ"ተይዟል" ስሜት ብዙ ጊዜ የማስጠንቀቂያ ደወል ነው፣ ሮለሩም እጁም ደወሉን ለተወሰነ ጊዜ ዝቅ ያደርጉታል። ስለዚህ ግራውን በሮለር ስናሽ ቀኙንም እየነካነው ነበር፣ ቀኙን ሳሽም ግራውን። አንድ ሰው ላይ ግራና ቀኝ ከፍሎ ማወዳደር አይሆንም።

የሮለሩ ውጤት አጭር መሆኑም አዲስ ነገር አይደለም። በ2013 በካናዳ በተሠራ ጥናት የጭን ፊት ጡንቻ ሁለት ጊዜ አንድ አንድ ደቂቃ ከታሸ በኋላ የጉልበት መተጣጠፍ ከሁለት ደቂቃ በኋላ በ10 ዲግሪ፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ በ8 ዲግሪ ጨምሮ ተገኝቷል፤ የጡንቻው ኃይልም አልቀነሰም። ከሩጫ በፊት ሰውነት ለማፍታታት ይህ በቂ ነው። "ዛሬ ያሸሁት ነገም ይቆየኛል" ማለት ግን አያስኬድም።

በየተራ ስንሞክረው

ቀጥለን በሳምንት ከፈልነው። አንድ ሳምንት ሮለር ብቻ፣ አንድ ሳምንት ማሳጅ ብቻ፣ ለስድስት ሳምንት። አካሉ ላይ ያው ነው፤ የቁርጭምጭሚቱ ልኬት ይቀራረባል፣ የሩጫ ማግሥት ሕመሙ በማሳጅ ሳምንት ትንሽ ቀለል ይላል። ይህ ከትልልቆቹ ጥናቶች ጋር ይሄዳል፤ በ2018 የወጣ 99 ጥናቶችን የመረመረ ሥራ ከስፖርት በኋላ የጡንቻ ሕመምንና የድካም ስሜትን በመቀነስ ማሳጅን ከሌሎች ዘዴዎች ሁሉ በላይ አስቀምጦታል። በ2020 የወጣው ደግሞ ማሳጅ ፍጥነትንም ጥንካሬንም እንደማይጨምር አሳይቷል። ላክቲክ አሲድ "ያጥባል" የሚባለውም ትክክል አይደለም፤ ሰውነት ከስፖርት በኋላ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ራሱ ይጨርሰዋል።

ልዩነቱ የወጣው በአራተኛው መስመር ላይ ነው፣ ምን ተሰምቷት እንደዋለች በሚለው። በሮለር ሳምንት "ደህና፣ ደህና፣ ሥራ በዝቶ" ይላል። በማሳጅ ቀን ማታ ግን ለስድስት ሰዓት ተኝታለች፣ በሌሎቹ ቀናት ለአራት፣ ለአራት ሰዓት ተኩል። በማግሥቱ "ሰው ላይ አልጮህኩም" ብላ ጽፋለች። ይህን መስመር ሳነብ ቆም አልኩ።

በዚያው ሰሞን አንድ ቀን ጀርባዋን እያሸሁ፣ ትከሻዋ ጋ ስደርስ ትንፋሿ ተቆራረጠ። እያለቀሰች ነበር። እጄን አላነሳሁም፣ አላሸሁምም፤ እዚያው አሳርፌ ዝም አልኩ። ቆይታ ቆይታ፣ ፊቷን ከአልጋው ሳታነሳ፣ እናቷ ከወደቁ ሰባት ወር እንደሆናቸው ነገረችኝ። ስትሮክ ነው። ሌሊት ቁስል እንዳያወጡ በየሁለት ሰዓቱ እየተነሳች የምታገላብጣቸው እሷ ናት። "የማጥበው እኔ፣ የማነሳው እኔ፣ እግራቸውን የማሸው እኔ። እኔን ግን በዚህ ሁሉ ጊዜ እንዲህ የነካኝ ሰው የለም" አለች።

ለአራት ሰዓት ብቻ የምትተኛው ለዚህ ነበር። ሩጫውን ያበዛችውም ቀኑ ውስጥ የራሷ የሆነው ያ አንድ ሰዓት ብቻ ስለነበር ነው።

ምን ሠራ፣ ምን አልሠራም

ጉልበቱን ያዳነው ሮለርም ማሳጅም አይደለም። ፊዚዮቴራፒስቱ የሳምንቱን ርቀት ወደ 15 አወረደው፣ ቁልቁለት አስቆመ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ጨመረ። የዳሌ ጎን ጡንቻን የሚያጠነክሩ ሦስት እንቅስቃሴዎችም ሰጣት፤ በጎን ተኝቶ እግር ማንሳት፣ በአንድ እግር ከደረጃ ላይ በዝግታ መውረድ፣ በአንድ እግር ቆሞ ጎንበስ ቀና ማለት። በሳምንት ሦስት ቀን። በስምንተኛው ሳምንት ያለ ሕመም 9 ኪሎ ሜትር ሮጠች። የተመዘገበችበት ግማሽ ማራቶን ግን አመለጣት፣ በዚህም አዝናለች።

እንቅልፏን ያስተካከለውም በዋናነት ወንድሟ ነው። ደብተሩን አሳየችው። አራት፣ አራት ተኩል፣ አራት፣ ስድስት፣ አራት እያለ የሚወርደውን ቁጥር አይቶ በሳምንት ሦስት ሌሊት ለመረከብ ተስማማ። ቀድማ ስንቴ ደክሞኛል ብላዋለች፤ የሰማው በቁጥር ሲያየው ነው።

ታዲያ ማሳጁ ምን ሠራ? የማሳጅ አልጋው ላይ ሳታፍር እንድትተኛ አደረጋት። ይህን አሳንሼ አላየውም። በ2004 የወጣ የጥናቶች ጥርቅም በተከታታይ ማሳጅ የተደረገላቸው ሰዎች ጭንቀትና ድብርት የሚቀንሰው ከንግግር ሕክምና ጋር በሚቀራረብ መጠን እንደሆነ ዘግቧል። ምክንያቱ የጭንቀት ሆርሞን የሆነው ኮርቲዞል ስለሚወርድ ነው ሲባል ኖሯል፤ በ2011 በደንብ ሲፈተሽ ግን በኮርቲዞል ላይ ያለው ለውጥ እዚህ ግባ የሚባል ሆኖ አልተገኘም። ይልቅ ቆዳችን ላይ ለዝግታ ንክኪ ብቻ የተፈጠሩ የሚመስሉ ነርቮች አሉ። በሰከንድ ከ1 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር በሚሄድ፣ ሞቅ ባለ ለስላሳ ንክኪ በደንብ ይነቃሉ፣ መልእክታቸውም ስሜትን ወደሚመለከት የአንጎል ክፍል ይሄዳል። የእናት እጅ ሕፃን ስታባብል የሚሄድበት ፍጥነት ነው። ልብስ ላይ ያለ ሮለር ይህን አይሰጥም።

አንድ ጥርጣሬ ግን አለኝ፣ መጻፍ አለብኝ። በማሳጅ ቀን ስልኳ ጠፍቶ፣ ክፍሉ ደብዘዝ ብሎ፣ ለአንድ ሰዓት ማንም ሳይጠራት ነው የምትተኛው። በሮለር ቀን ደግሞ ሳሎን ወለል ላይ፣ ዜና እየሰማች፣ በር እየከፈተች። ስለዚህ ያወዳደርነው ሮለርና እጅ ብቻ አይደለም። ይህን አስተካክለን ለሁለት ሳምንት ሞከርነው፦ በር ተዘግቶ፣ ስልክ ጠፍቶ፣ ሮለሩ ላይ በዝግታ፣ ትንፋሽ ረዘም ተደርጎ እየወጣ፣ 10 ደቂቃ። እንቅልፏ ግማሽ ሰዓት ገደማ ጨመረ። ከማሳጁ ያነሰ ነው፣ ግን በነፃ የሚገኝ ግማሽ ሰዓት ነው።

ወደ ሌላ ሰው የሚሻገሩ ትምህርቶች

ሮለር ለማፍታታት ጥሩ ዕቃ ነው። ከሩጫ በፊት በአንድ ጡንቻ ላይ ሁለት ደቂቃ ይበቃል፣ ከሩጫ በኋላም ለሕመሙ ትንሽ ያግዛል። ባት፣ ጭን ፊትና ኋላ፣ መቀመጫ ላይ ተጠቀሙበት። ወገብ አጥንት ላይ፣ ጉልበት ጎን፣ በልዞ ወይም አብጦ ያለ ቦታ፣ አዲስ የተቀደደ ጡንቻ ላይ አትውጡበት። ትንፋሽ ከያዛችሁ ወይም ጥርሳችሁን ከነከሳችሁ ጫናው በዝቷል፤ አንድ እግራችሁን ወይም እጃችሁን መሬት ላይ አሳርፉና ክብደት ቀንሱለት።

በሮለር ወይም በማሳጅ ሁለት ቀን ቀሎ ሦስተኛው ቀን ላይ የሚመለስ ሕመም ሲደጋገም ማሸቱን ከመጨመር ይልቅ ሸክሙን ፈልጉት። እሷ ጋ ሸክሙ ከ20 ወደ 40 የዘለለው ርቀት ነበር። ይህን ለኔ ለባለሙያዋም እላለሁ፤ ደንበኛ በየሦስት ቀኑ እየተመለሰ ሲከፍል "እየሠራሁለት ነው" ማለት ይቀላል።

የሚያሻችሁ ሰው ማግኘት ካልቻላችሁ ለጡንቻው ብዙ አላጣችሁም። ለአእምሮ ግን ሮለሩ የሰውን እጅ አይተካም፣ የሰውም እጅ ደግሞ የግድ የባለሙያ መሆን የለበትም። እሷ አሁን በየሦስት ሳምንቱ ትመጣለች። በመሃሉ ትልቋ ልጇ ማታ ማታ ጀርባዋን አምስት ደቂቃ በዝግታ ታሻታለች፤ አንድ ቀን አስተምሬያታለሁ፣ ካስተማርኳትም ውስጥ ዋናው "አትቸኩዪ" የሚለው ነው።

መለካትም ይረዳል፣ ግን አንድ ነገር ብቻ አትለኩ። የቁርጭምጭሚቱን ሳንቲ ሜትር ብቻ ብንይዝ ሁለቱ እኩል ናቸው ብለን እንዘጋው ነበር። ከጉልበቷ ሌላ ነገር እንዳለ የጠቆመኝ "ሰው ላይ አልጮህኩም" የሚለው መስመር ነው።

ቅጼንም ቀይሬዋለሁ። "እንቅልፍ እንዴት ነው?" የሚለው አሁንም አለ። ከሥሩ ግን አንድ ጥያቄ ጨምሬበታለሁ፦ "ሌሊት የምታስታምሚው ወይም የምትነሺለት ሰው አለ?"